እናቴ እምቢ ያለችው ክርስትና

ገለቴ እኅቴ እንድትሆን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ማንንም አላማከርኩም። ጊዜው ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የገና ጾም ገብቷል። እኔ ስምንት ዓመቴ፣ እሷ አምስት ነበር። አባቷ ደርበው ከቆላ ተዛውሮ ላሊበላ የመጣ የክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ሲሆን የከተማው ሰው ግን «ሐኪም» ይለው ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች። ልጁን የሚያይለት ዘመድ ስላልነበረው ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ በእኛ በር ያልፍና ገለቴን ደፉ ላይ አስቀምጧት ይሄዳል። እሷም ምንም ሳትናገር ገብታ ከጨርቅ ቅዳጁ ክምር ላይ ትቀመጣለች።

እኛ ቤት ደግሞ አባት አልነበረም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነው የሞተው። የተወልን ባለ ፔዳሉን ሲንጀር የስፌት መኪና ነው። እናቴ ይማርሽ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ መኪናው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ ሴት ልጅ ፔዳል እየረገጠች የወንድ ሱሪ ስትሰፋ የት ታይቶ? ከዚያ ሱሪው ሳይተረተር ከረመ፤ ሳቁም አብሮ ቀረ። ቤታችን የላስታ ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። ላይ እንተኛለን፤ ድሮ ከብት ይታሰርበት የነበረው ምድር ቤት የእናቴ መስፊያ ሆኗል። ገና ሲቃረብ የከተማው ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ይፈልጋል፣ እንግዳም ከዋግ፣ ከራያ፣ ከደላንታ በእግሩ ይጎርፋል። በዚያ ሰሞን እናቴ ምሳዋን የምትበላው አንድ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሣ ነበር።

ደርበው አመሻሽ ላይ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ከሸሚዙ የወደቀ ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ቁልፍ እንዲህ የማይበረክትለት ሰው አይቼ አላውቅም። ዛሬ የደረቱ ነው፣ ሌላ ቀን የእጅጌው ነው፣ ከዚያ ደግሞ ያው የደረቱ። እናቴ ሸሚዙን እዚያው እላዩ ላይ እንዳለ ትሰፋለታለች፤ እሱ አገጩን ቀና አድርጎ ጣሪያውን እያየ ይቆማል። በጣም አዝንለት ነበር። በሽተኛ እየጎተተው ነው ቁልፉ የሚወድቀው ብዬ አስብ ነበር።

ዛሬ ግን አንዳንድ ነገር ይታየኛል። የሰው ቁልፍ ከወደቀ ጠፍቶ ይቀራል፤ የደርበው አንድም ጠፍቶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ በመዳፉ ላይ ነው። የተበጠሰ ክር ጫፉ ይፍተለተላል፤ የሱ ክር ጫፉ ልሙጥ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ደግሞ ምላጭ ሞልቷል። ይህን አንዲት ልብስ ሰፊ ሳታይ አትቀርም። አይታ እንደነበርም አውቃለሁ፤ ምክንያቱም የሌላውን ሰው ቁልፍ ክር ጠቅልላ ጠቅልላ ስታጠብቅ፣ የሱን አንድ ሁለቴ አለፍ አድርጋ ትለቀው ነበር።

በዚህ መሐል ክፉ ወሬ ሰማሁ። ያመጣው ጋሼ አባስ ነው፤ ጎረቤታችን፣ አቡጀዲና ካኪ ከወልዲያ እያስመጣ ለእናቴ የሚያቀርብ ነጋዴ።

«ሐኪሙን ወደ ወገል ጤና ሊያዛውሩት ጠይቀውታል አሉ፤ አልሄድም ብሎ ነው እንጂ» አለ ጣቃውን እያወረደ።

ወገል ጤና የት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ከጋሸና ማዶ ነው። ገደል ወርደሽ፣ ገደል ወጥተሽ» አለኝ። ያን ቀን ገለቴን ሳያት ገደል ስትወርድ ታየችኝ። የጨርቅ ቅዳጅ አሻንጉሊት መሥራት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ጡጦዋን ያስጣልኳት እኔ ነኝ፤ በምን ሕግ ነው ገደል የምትወርደው?

እናቴን የሚያናዝዟት ቄስ ገብረ ሊባኖስ ነበሩ። አንድ ቀን የተቀደደ ካባቸውን ሊያሰፉ መጡና መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙን። ገለቴ ለመሳለም ቀና ስትል እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

«ማተብሽ የት አለ?»

«ማተብ ምንድን ነው?» አለች ገለቴ።

የመኪናው ፔዳል ቆመ። ቄሱ ካባቸው ቢያልቅም አልሄዱም፤ ደርበው እስኪመጣ ጠበቁት።

«ልጄ፣ ይህች ልጅ ክርስትና ተነሥታለች?» አሉት ገና ሳይቀመጥ።

ደርበው ቁልፉን በመዳፉ ጨበጠው። «አልተነሣችም አባቴ። የተወለደች በረሃ ነው፤ ወባ ሥራ ላይ ሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን በቅርብ የለም። ሰማንያ ቀኗን ይዘናት ልንሄድ ስንል እናቷ ታመመች። ከዚያ ቀብር ነው፣ ከዚያ ዝውውር ነው፣ ከዚያ ሌላ ዝውውር ነው…»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ሥራ በዛብኝ አባቴ።»

«እግዜርም ሥራ አልቀለለለትም፤ ግን አልረሳትም» አሉ። «እንግዲህ ገና ይለፍ። ከጥምቀት በፊት ባለው እሑድ ትነሣለች። የክርስትና እናት ግን ያስፈልጋታል። ማንን ታስባለህ?»

መልሱ እንዲህ ቀላል ሆኖ ማንም አለመመለሱ ገረመኝ። እኔ የክርስትና እናት ምን እንደሆነች አውቃለሁ። የኔዋ በየበዓሉ ድፎ ትልክልኛለች፤ ስትመጣ አልጋ ይለቀቅላታል፤ ልጇ «የክርስትና እኅቴ» ትለኛለች። እናቴ ገለቴን ካነሣች ገለቴ እኅቴ ሆነች ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ ወገል ጤና ሊሽረው አይችልም።

«እማዬ ትሁና» አልኩ።

እናቴ በጥርሷ ክር ልትበጥስ ነበር። ክሩ በጥርሷ መሐል እንዳለ ቀረች። ከዚያ በጠሰችው።

«እኔ አልሆንም።»

«ለምን?» አልኩ።

«አልሆንም አልኩ፤ አልሆንም።»

ደርበው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ልክ ነው፤ ሥራ ይበዛብዎታል» አለ። ድምፁ በሽተኛ ሲያጽናና እንደሚሰማው ዓይነት ነበር። የገለቴን እጅ ይዞ ወጣ። ቄሱ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ረዘም ያለ ሳል ሳሉ፤ ጉንፋን ይዟቸዋል ብዬ ነበር። እናቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨካኝ ነች አልኩ። አምስት ዓመት ማተብ የሌላትን ልጅ፣ ከኛው ጨርቅ ላይ የምትውለውን ልጅ፣ እምቢ።

እዚህ ላይ ያኔ ያላወቅሁትን ልናገር። በሥርዓታችን የክርስትና እናትና የልጂቱ አባት በመንፈስ እኅትና ወንድም ይሆናሉ። እኅትና ወንድም ደግሞ አይጋቡም፤ ሚስት ብትሞት፣ ባል ቢሞት፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ቤት ቢያረጁ አይጋቡም። እናቴ ይህን ታውቃለች፤ ቄስ ገብረ ሊባኖስም ያውቃሉ። በዚያች አንዲት «አልሆንም» እናቴ በንስሐ አባቷ ፊት ስለ ደርበው የሚያስፈልገውን ሁሉ ተናግራለች፤ የቄሱም ሳል ሳል አልነበረም። እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ነገሩ ያልገባን ከገለቴ ሌላ ሁለት ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ደርበው ነበር። ከአዳሪ ትምህርት ቤት ወደ ሥልጠና፣ ከሥልጠና ወደ በረሃ የሄደ ሰው፤ የኪኒን ልክ እንጂ የክርስትና ሕግ ማንም አላስተማረውም።

እናቴም ልታስረዳው አትችልም። «እምቢ ያልኩህ ምናልባት ልታገባኝ ትችል እንደሆን ብዬ ነው» የምትል ሴት እስከዚያ ዘመን ላስታ ውስጥ አልተወለደችም።

ከዚያ ቀን በኋላ የደርበው ቁልፍ መውደቁ ቆመ። ገለቴንም በእኛ በር ማምጣቱን ተወ፤ ከክሊኒኩ ዘበኛ ጋር ትውላለች ተባለ። እናቴ በየጠዋቱ በሩን ከወትሮው በሰፊው ትከፍተዋለች፤ «ብርሃን ቀነሰኝ» ትላለች። ጋሼ አባስ ደግሞ አዲስ ወሬ አመጣ። ሐኪሙ ወገል ጤና እሄዳለሁ ብሏል፤ ልጁን ክርስትና አስነሥቶ፣ ጥምቀት እንዳለፈ።

እናቴን መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙን በአፏ መጠጠችና ሥራዋን ቀጠለች። ደም እንዳይነካው ለጨርቁ ብቻ ያዘነች መሰለኝ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ክሊኒኩ ታጠፍኩ። ግድግዳው ሥር ሰው ተሰልፎ ፀሐይ ይሞቃል። ገለቴ ከዘበኛው አጠገብ ተቀምጣ የመድኃኒት ካርቶን ትበረብራለች። ደርበው ውስጥ መርፌ ይቀቅል ነበር። የሸሚዙ ደረት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ማንን አመመው?» አለኝ።

«ማንንም። እማዬ እምቢ ያለችው ወግ ስላልደረሳት ነው።»

«የምን ወግ?»

«እኔ ልጅ ነኝ። እኔ ጠይቄያት እሺ ትላለች እንዴ? ትልቅ ነገር የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። አጥር የገፋው ሰውዬ እንኳ በሽማግሌ ነው የታረቀው።»

መርፌዎቹን በመቆንጠጫ አንድ ባንድ እያወጣ ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። «ሽማግሌ ብልክ ፈቃደኛ ትሆናለች ትያለሽ?»

«ትሆናለች። እኔ አውቃታለሁ።»

«ገለቴን አልጠላቻትማ?»

«እማዬ? ከቅዳጁ ክምር ላይ ያለውን ትራስ እስካሁን አላነሣችውም፤ የገለቴ ነው ብላ።»

ይህን ስለው ጎኑን ሰጥቶኝ ቆሞ የነበረው ደርበው ፊቱን ወደኔ አዞረ። «ቆይ» አለ፤ ለማን እንዳለው አላወቅሁም። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ፣ ከዚያ አንድ ሌላ ጨመረልኝ።

ሽማግሌ የላከው ጋሼ አባስንና የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ጓድ ታፈረን ነው። አንዱ እስላም ነው፤ ሌላው ደግሞ ክርስቲያን ቢሆንም በዚያ ዘመን የቀበሌ ሊቀመንበር የቤተ ክርስቲያን ሕግ አውቃለሁ ብሎ አፉን አይከፍትም። ቄስ አልጨመረም፤ ቄስን ለዚህ ማስቸገር አልፈለገም። እንዲህ ነው ከከተማው ሰው ሁሉ ነገሩን ሊያቃኑለት የማይችሉትን ሁለት ሰዎች የመረጠው።

ወሬው ግን ቀደማቸው። የጋሼ አባስ ሚስት ኸዲጃ ጠዋት እየሮጠች መጣች።

«ይማርሽ፣ አብሽሪ፤ ሐኪሙ ሽማግሌ ልኮብሻል። ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ አባስ ጥምጣሙን ሲያስተካክል ትቼው ነው የመጣሁት።»

«በምን ጉዳይ?» አለች እናቴ።

«ሽማግሌ በምን ጉዳይ ይላካል? እኔ ምን አውቄ፣ አባስ እንደሆነ ምስጢር ሲይዝ ሆዱ ይነፋል እንጂ አይናገርም።»

እናቴ በገና ሰሞን፣ ሰው ልብሱን በሚያጣድፍበት ሰሞን፣ መኪናውን ሸፈነችው። ጨርቁን ሁሉ ወደ ላይ አወጣች፣ ቤቱን ጠረገች፣ ፀጉሯን ኸዲጃ ሠራቻት። ለዓመት በዓል የምታስቀምጠውን ጥልፍ ቀሚስ ለበሰች። ለክርስትና ይህን ያህል ክብር እንዳለው አላወቅሁም ነበር። በራሴ ኮራሁ።

ሽማግሌዎቹ መጥተው እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች። አንገቷ ቀይ ሆኗል።

«ሐኪም ደርበው ልኮን ነው» አለ ጋሼ አባስ።

«እሺ።»

«እሱ እንግዲህ ብቻውን ነው፤ ልጅ አለችው። አንቺም ብቻሽን ነሽ፤ ልጅ አለችሽ።»

«እሺ።»

«ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ጎረቤት ከዘመድ ይበልጣል። ከዘመድም ደግሞ የሚበልጥ ዝምድና አለ…»

ጓድ ታፈረ ስብሰባ መምራት የለመደ ሰው ነው፤ ንግግር ሲረዝም ሰዓቱን ያያል። «ጓድ ይማርሽ፣ ባጭሩ የመጣነው ሐኪሙ ለልጁ የክርስትና እናት እንዲሆኑለት ስለጠየቀ ነው።»

እናቴ ቀና አለች።

«የክርስትና እናት።»

«አዎ።»

«ሽማግሌ የላከው ለዚህ ነው?»

«እኔም ገርሞኛል፤ ወላሂ» አለ ጋሼ አባስ። «የእናንተ አገር ክርስትና እንዲህ ይጠየቃል እንዴ ብዬዋለሁ። በጣም የምትፈልግበት ጉዳይ ነው አለኝ።»

እናቴ የጥልፍ ቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች። ከዚያ «እሺ በሉት» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «እንዲህ አጥብቆ ከፈለገ፣ እሆናለሁ በሉት። ተቀመጡ፤ ሻይ ይፈላል።»

እኔ ወደ ደጅ ሮጬ ወጣሁና ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ተሳካ። ስመለስ እናቴ ጥልፍ ቀሚሷን እንደለበሰች መኪናው ላይ ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን የሰፋችው ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው እንዳጠረ በማግሥቱ ባለቤቱ ይዞት መጣ፤ በሥራዋ ዘመን ሁሉ የተመለሰባት እሱ ብቻ ነው።

ገና አለፈ። እንግዳው ወደየአገሩ ሲመለስ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ብቅ አሉ።

«እሺ አልሽ አሉ።»

«አልኩ አባቴ።»

«አንቺ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ። እሱስ ያውቃል?»

«ሽማግሌ ልኮ ነው የጠየቀኝ። ሳያውቅ ይጠይቃል?»

«እንግዲህ» አሉ ቄሱ፤ «እሑድ እንተያይ።» ከበሩ ሲደርሱ ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤ ብዙ ነገር የሚያውቅ ሰው እንደሚታየው። የገለቴን የክርስትና ቀሚስ ስለ መስፋት የሚነጋገሩ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ከዓለቱ ቤተ ክርስቲያን አፋፍ ወርደን ክርስትና ቤቱ ገባን። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ገለቴ ራቁቷን በአባቷ ጋቢ ተጠቅልላለች። ክርስትና ለመነሣት የተስማማችው እኔ ከምታየኝ ቦታ ከቆምኩ ብቻ ነው። ደርበው ውኃው ሞቅ ቢል አይሻልም ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ቄሱ «ዮርዳኖስን ያሞቀው የለም» ብለውታል። ጓድ ታፈረ ለጥበቃ ነው የመጣሁት ብሎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ነጠላው ግን መስቀለኛ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከማጥመቂያው በቀኝ በኩል ቆማ ነጩን ቀሚስ በሁለት እጇ ይዛለች። ደርበውን አታየውም። እሱ ግን እሷን ብቻ ያያል፤ በጣም ስላመሰገናት ነው ብዬ አሰብኩ።

ጸሎቱ ረዘመ። ከዚያ ቄሱ መጽሐፉን ጣታቸው መሐል አድርገው አጠፉትና በግዕዝ ሳይሆን በእኛው ቋንቋ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ሁለታችሁም ስሙ። ይህች ልጅ ከውኃው ስትወጣ የምትቀበላት እናቷ ናት። እናቷ ሆነች ማለት አንቺ ይማርሽና አንተ ደርበው እኅትና ወንድም ሆናችሁ ማለት ነው። ከዛሬ ወዲያ በመካከላችሁ ጋብቻ የሚባል ነገር አይነሣም፣ አይታሰብም፣ እስከ ሞት። ገባችሁ?»

«ገብቶኛል አባቴ» አለች እናቴ፤ ለድንጋዩ የምትናገር ይመስል።

«ደርበው፣ ገባህ?»

ደርበው ጋቢው ውስጥ ያለችውን ልጅ ወደ ደረቱ ጥብቅ አደረጋት።

«ይቆየኝ አባቴ» አለ።

«ምኑ?»

«ውኃው። ውኃውም… ሁሉም ይቆየኝ።» ወደ እናቴ ዞረ። «እኔ ይህን አላውቅም ነበር።»

እናቴ ቀና አለች። «አያውቁም ነበር?»

«ከየት አውቄ። ያን ቀን እምቢ ያሉኝ… በዚህ ነው?»

እናቴ በነጩ ቀሚስ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ታለቅሳለች ብዬ ነበር።

«አባዬ» አለች ገለቴ ከጋቢው ውስጥ፤ «የምትነጋገሩ ከሆነ ልልበስ።»

«እዚህ ቤት ወሬ አይረዝምም» አሉ ቄሱ። «አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ይህች ሴት እኅትህ ትሁን፣ ወይስ አትሁን?»

«አትሁን» አለ ደርበው። አንዲት ጊዜ እንኳ አላመነታም።

እኔ ነኝ የጮኽኩት። እናቴ እሺ ስትል ደግሞ እሱ እምቢ አለ። ሁሉም ነገር ከእጄ ወጣ፤ ገለቴ ገደሉን ወረደች። ጓድ ታፈረ ከበሩ መጥቶ አፌን በነጠላው ጫፍ ጠረገልኝና «ዝም በይ፤ ሂደቱን አታውኪ» አለኝ።

ቄሱ ግን ነገሩን አስቀድመው አስበውበት ኖሯል። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሚጠርጉት እትዬ ወለተ ሐና ከግድግዳው ሥር ቆመው ነበር። በየእሑዱ ጾመው አስቀድሰው ነው የሚሄዱት።

«እትዬ፣ ይምጡና ልጅ ይቀበሉ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ይውለዱ አላልኩዎትም፤ ይቀበሉ ነው።»

ገለቴ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ገብታ ስትወጣ የተቀበሏት እትዬ ወለተ ሐና ናቸው። ማተብ ታሰረላት፣ አመተ ጊዮርጊስ ተባለች። አልጮኸችም፤ በሷ ፈንታ ቅዳሴው እስኪያልቅ የጮኽኩት እኔ ነኝ። አንድ ዲያቆን አጥማቂው የተሳሳተ ልጅ ነክሮ እንደሆነ ጠየቀ ይባላል፤ ጋሼ አባስ እስኪሞት ድረስ ሲተርከው የነበረው ይህን ነው፤ እዚያ ባይኖርም።

ከቅዳሴ በኋላ ደርበውና እናቴ ከዓለቱ ሥር ቆመው አየኋቸው። በመካከላቸው አንድ ሰው ያህል ቦታ አለ።

«እንግዲህ» አለ ደርበው።

«እንግዲህ» አለች እናቴ።

«ሽማግሌዎቹን መልሼ ልላካቸው?»

«ጋሼ አባስ ጉልበቴን አመመኝ ይላሉ።»

«ሐኪም አይደለሁ? አሽራቸዋለሁ።»

ወደ ቤት ስንወጣ አቀበቱ መሐል ቆምኩና እናቴን ጠየቅኋት። «ገለቴ ምን አደረገችሽ? ሁላችሁም ለምን ጠላችኋት?»

እናቴ አየችኝ። ከዚያ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። እስከዚያ ቀን ስትስቅ አፏን በእጇ ትይዝ ነበር፤ ያን ቀን አልያዘችም። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እስኪያያት ሳቀች፣ ከዚያ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

«ስሚኝ አገሬ» አለችኝ። «የክርስትና እኅት ማለት በዓል ሲሆን መጥታ፣ በልታ፣ አድራ የምትሄድ ናት። ይቺኛዋ ግን አትሄድም። እኛው ጋር ናት። ገባሽ?»

ከዚያ በፊት ከነገሩኝ ነገር ሁሉ ወዲያው የገባኝ እሱ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ተመለሱ። ይህን ጊዜ ቄስ ገብረ ሊባኖስ አብረው ነበሩ። ጋሼ አባስ ገና ደፉን ሳያልፍ «ያለፈው ይበቃኛል፤ ዛሬ የመጣነው ለጋብቻ ነው። ለጋብቻ። የተናገርኩት ተሰማ?» አለ። እናቴ ተሰምቷል አለች። የወገል ጤናውን ዝውውር ደርበው ተወው፤ በሱ ፈንታ ሌላ ሰው ፈቅዶ ሄደ። ጥምቀት አልፎ ጥር ሳይወጣ ተጋቡ። ሁለቱም ለሁለተኛ ጊዜ ስለሆነ ዘውድ አልተጫነም፤ ጸሎት ተደርሶ ቆረቡ። ለእነ ኸዲጃ ወገን በግ ለብቻ ታረደ። እትዬ ወለተ ሐና የክርስትና ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እንዴት እንደወለዷት ለሠርገኛው ሲተርኩ ዋሉ።

እኔ ግን ከሠርጉም በኋላ ልቤ ሙሉ በሙሉ አላረፈም። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ነገር ይገለበጣል፤ አይቻለሁ።

ያረፈው እንዲህ ነው። ገለቴ የእናቴን መለኪያ ጠመኔ ወስዳ፣ ለደንበኛ የተቆረጠ ጥቁር ጨርቅ ላይ ፈረስ ሣለች። ትልቅ ፈረስ፣ ከነጋላቢው። እናቴ ከመኪናው ተነሥታ ስትመጣ እኔ አንገቴን ሰብሬ ቆምኩ፤ ገለቴ ያጠፋችው ሁሉ እስከዚያ ቀን የኔ ጥፋት ነበር። የሰው ልጅ፣ እንግዳ ናት፣ አይቆጧትም። «አንቺ ትልቋ ምን ታደርጊ ነበር» የምባለው እኔ ነበርኩ።

እናቴ በአጠገቤ አልፋኝ ሄደች።

«ገለቴ» አለች፤ እኔን በምትቆጣበት በዚያው ድምፅ፣ ምንም ሳትቀንስለት፤ «ነይ ወዲህ። ይህ ጨርቅ የማን ነው? ማን ንኪው አለሽ?»

ገለቴ እንዲህ ተናግሯት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እንደማንኛውም የቤቱ ልጅ እሪ ብላ አለቀሰች። እናቴ ጨርቁን አራገፈች፣ ገለቴን ከግድግዳው ጋር አቆመቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፔዳሉ እንደገና መሄድ ጀመረ።

እኔም ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ እግሬን እያወዛወዝኩ ለቅሶዋን አዳመጥኩ።